ቃሉን ያልፈታ አገር ይሰጣል!

በስፖርትና በጨዋታ ቋንቋን ስለማስተማር፣ በውጫሌ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር

(ተናጋሪው በውጫሌ እንግሊዝኛ በማስተማር ረጅም ዓመታት ያሳለፉ መምህር ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ ስማቸውን ትተን ቃላቸውን እንዳለ አቅርበነዋል። — ዝግጅት ክፍሉ)

 

እንደ ልማዱ ቢሆን «ታሪካዊቷ ከተማችን ውጫሌ...» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ይጨበጨባል፣ ታሪኩ እዚያው ይረሳል፣ እኛም ወደየቤታችን እንሄዳለን። ዛሬ ግን የውጫሌን ታሪክ የማነሳው ለጭብጨባ አይደለም፤ ለሥራ ነው። እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ። አንድ የቋንቋ መምህር «ለመሆኑ አንድ ቃል ስንት ያስከፍላል?» ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ከተባለው ስፍራ፣ በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል 20 አንቀጽ ያለው ውል ተደረገ። በኢጣልያ በኩል የመጣው ኮንት አንቶኔሊ ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ። ቢፈልጉ ይላላካሉ፤ ባይፈልጉ ይተዉታል። በኢጣልያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ሆኖ ተገኘ። ሮማም ይህን ይዛ «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ቢጽፉ፣ መልሱ ጉዳይዎን በኢጣልያ በኩል ያድርጉት የሚል መጣ። ጉዱ ያኔ ፈጦ ወጣ! በ1883 ዓ.ም. ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ። በ1885 ውሉን አፈረሱት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነገሩ ዓድዋ ላይ በደም ተቋጨ።

የአማርኛው ቃል ትክክል ነበር፤ ተንኮሉ ከእኛ ወገን አልነበረም። ነገር ግን የሌላውን ሰው ቋንቋ ሳይጨብጡ መዋዋል ምን እንደሚያመጣ ከውጫሌ በላይ የሚመሰክር አገር የለም።

ልጆቻችን ማታ ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ሲባባሉ አልሰማችሁም? መልሱን ያጣ ልጅ ምን ይባላል? «አገር ስጠኝ!» ይባላል። ልጁም «ጎንደርን ሰጠሁህ»፣ «ደሴን ሰጠሁህ» ይላል። እያየን የምንስቅበት የሕፃናት ጨዋታ ነው። ነገር ግን ቁም ነገሩን ልብ በሉት፤ ቃሉን ያልፈታ አገር ይሰጣል! አያቶቻችን ይህን ለልጅ ያስተማሩት በመጽሐፍ አይደለም፣ በአለንጋም አይደለም። በጨዋታ ነው። የዛሬው ንግግሬ እንግዲህ ይኸው ነው።

ወደ ዛሬው ክፍላችን እንምጣ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። የእኛ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። 8 ዓመት ተምሮ የገባ ልጅ ስንት ዓረፍተ ነገር ከራሱ አፍልቆ ይናገራል? እናንተው መስክሩ! መምህሩ ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ይልና «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር! ዊ አር ፋይን ቴንኪው!» ብሎ ያንጎራጉራል። ማንም «እንዴት ናችሁ?» ሳይላቸው ደኅና ነን ይላሉ! አንዱን ነጥላችሁ «ትናንት የት ዋልክ?» ብትሉት ግን ዓይኑ መሬት ለመሬት ይሄዳል።

ውጤቱንም አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ! ይህ ሁሉ ሲሆን ከላይ የመጣው መልስ «ልጆቹ ሲኮርጁ ኖረው ነው» የሚል ነበር። ኩረጃ የለም አልልም፤ ነበረ። ችግሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው ብዬም አልከራከርም። ግን እስቲ ፍረዱኝ፣ ጥያቄው በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የጠየቀ አለ? ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቀውስ ምን ይጠቅመዋል? ፊዚክሱን ከመሳቱ በፊት ቃሉን ስቶታል። እሱም በእንቆቅልሹ አገር እየሰጠ ነው፤ የሚሰጠው አገር የራሱን ነገ ነው።

በራሳችን ቋንቋም ቢሆን አንኮራ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ስለዚህ የምናገረው ስለ እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋን ስለምናስተምርበት መንገድ ነው።

አሁን ደግሞ ከክፍል ወጣ እንበልና ሜዳ እንውረድ። እንግሊዝኛ አይገባውም የምንለው ያው ልጅ የጨርቅ ኳስ ሲያባርር ስሙት። «ኮርነር!» «ፋውል!» «ኦፍሳይድ!» «ጎል!» ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው የእናንተና የእኔ ትውልድ «ማኖ!» እና «ሪጎሬ!» ይል ነበር፤ ማኖ ኢጣልያንኛ ነው፣ እጅ ማለት ነው። ዛሬም ጥፋት የሠራ ሰው «ማኖ ነካ» ይባላል። ማን አስተማረን? የየትኛው መምህር ጠመኔ? የየትኛው ሚኒስቴር መጽሐፍ? ማንም አላስተማረን!

ልዩነቱን እዩልኝ። በውሉ ላይ ያለው የኢጣልያንኛ ቃል ጉድ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ወራት በኋላ፣ ከአውሮፓ ደብዳቤ ሲመለስ ነው። በሜዳ ላይ ያለው የኢጣልያንኛ ቃል ግን ለዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አላሳሳተንም። «ማኖ!» ሲባል ኳሱ ይቆማል። ቃሉን በሌላ መንገድ የተረጎመ ልጅ ካለ 20 ልጅ ይጮህበታል፣ ክርክር ይነሳል፣ ዳኛ ይፈርዳል፣ በቃ! ትርጉሙ እዚያው፣ በዚያችው ደቂቃ ይጣራል። ጨዋታ ለቋንቋ ትልቁ ጥቅሙ ልጅን ማሳቅ አይደለም። ጨዋታ ቃልን ወዲያው ይፈትናል። የገባውንና ያልገባውን በእግሩ ያሳያል። ልጁም ቃሉን የሚፈልገው ለመምህሩ ሲል ሳይሆን ለማሸነፍ ሲል ነው።

ይህ ደግሞ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። አኩኩሉን አስታውሱ። ፈላጊው «አኩኩሉ!» ይላል፤ ተደባቂው «አልነጋም!» ብሎ ይመልሳል። የአራት ዓመት ሕፃን አሉታ ግስን ከሰዋስው መጽሐፍ ነው የተማረው? ሲሮጥና ሲደበቅ ነው እንጂ! ትልልቆቹስ? «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ዱላ እየወዘወዙ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ የነበሩት አባቶቻችን ክርክሩን የቃላት ግጥሚያ አድርገውት አልነበረም? በቤተ ክርስቲያንም ዝማሬው በመቋሚያና በጸናጽል፣ በእግር እየተረገጠ ይጠናል። እዚሁ ጎረቤታችን ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ትልቅ የትምህርት ቦታ ነበረ። በወሎ ዛውያዎችም መንዙማው በድቤና በጭብጨባ፣ ሰውነትን እያወዛወዙ ይባላል። ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶች አንዱ በዚሁ በአገራችን ስም አምባሰል ተብሎ ይጠራል። ቃል ከሰውነት ጋር ሲሄድ እንደማይረሳ የምናውቅ ሰዎች ነን። ታዲያ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ እጁን አጣምሮ፣ አፉን ዘግቶ እንዲቀመጥ የፈረድንበት ከመቼ ወዲህ ነው?

ፈረንጆቹም ዞረው ዞረው እዚሁ ደርሰዋል። ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ዘዴ አሳይቷል። ሕፃን አፉን ሳይፈታ በፊት «ና»፣ «ቁጭ በል»፣ «አምጣ» ሲባል በሰውነቱ ይመልሳል፤ ስለዚህ አዲስ ቋንቋም መጀመሪያ በትእዛዝና በእንቅስቃሴ ይግባ፣ ንግግሩ ይደርሳል፣ ነው ያለው። ሌላው ካሌብ ጋቴኞ ነው። እስክንድርያ የተወለደ ምሁር ነው። በ1957 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት ልከውት አገራችን ድረስ መጥቶ በአማርኛ ንባብ ማስተማሪያ ላይ ሠርቷል። ኋላ የታወቀበት የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ መምህሩ ዝም ይበል፣ ተማሪው ይሥራ የሚል ነው። የእኛን ፊደል አይቶ የሄደ ሰው «መምህር ሆይ ዝም በል» ሲል፣ እኛ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ምን አደረግን? በየሁለተኛ ደረጃው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሰቀልን! ከሳጥኑ ውስጥ በፈጣን እንግሊዝኛ ይነገራል፤ ልጁ «አልገባኝም» ቢል የሚሰማው የለም፤ መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሟል። ተናግሮ የማይሰማ አስተማሪ! ለነገሩ ይህ ዓይነቱ አሠራር በትምህርት ቤት ብቻ የተወሰነ አይደለም... ይለፈን።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ባልደረቦቼ «ዘዴውን ንገረን» ብላችሁኛልና በክፍሌ የማሠራቸውን ልዘርዝር። ዕቃው የካልሲ ኳስ፣ ጠመኔ፣ ጠጠርና ፊሽካ ነው። በጀት የሚጠይቅ የለም፤ ስለዚህ «በጀት አልተለቀቀም» የምትለዋ መዝሙር እዚህ ላይ አትሠራም።

አንደኛው የኳስ ጥያቄ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ኳሱን የያዘው መጀመሪያ ጥያቄውን ይናገራል፣ ቀጥሎ ይወረውራል። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው! ጥያቄው ቀድሞ ከወጣ ኳሱ ለማን እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ሁሉም መልሱን ያስባል። ኳሱ ቀድሞ ከተወረወረ ግን የሚያስበው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ያርፋል።

ሁለተኛው ሰኞ ማክሰኞ ነው። መሬት ላይ 8 ቤት ይሠመርና በየቤቱ ግስ ይጻፋል። ልጅቷ ጠጠሯን ጥላ በአንድ እግሯ እየዘለለች ስትሄድ የአሁኑን ትላለች፦ «ጎ»፣ «ካም»፣ «ሲ»። ስትመለስ ያለፈውን ትላለች፦ «ሶው»፣ «ኬም»፣ «ዌንት»። መስመር ብትረግጥ ትወጣለች፤ ቃሉን ብትስትም ትወጣለች። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ደግሞ በግሱ ፈንታ ፊደል ጻፉበት፤ ሀ ብሎ የዘለለ ልጅ ሁ ብሎ ያርፋል።

ሦስተኛው ቃለ ጽሕፈት በሩጫ ነው። አጭር ጽሑፍ ከውጭ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከየቡድኑ አንዱ ሯጭ፣ አንዱ ጸሐፊ ይሆናል። ሯጩ ሄዶ ያነባል፣ በቃሉ ይዞ ተመልሶ ለጸሐፊው ይነግራል፣ እንደገና ይሮጣል። በመጨረሻ የተጻፈው ከግድግዳው ጋር ይመሳከራል። አንድ ቃል ከአንድ አፍ ወደ ሌላ ወረቀት ሲተላለፍ ምን እንደሚደርስበት ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። የውጫሌ ልጅ ይህን ማየት አለበት!

አራተኛው የሬዲዮ ስፖርት ነው። ሁለት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዱ እንደ ደምሴ ዳምጤ ሆኖ ለሁለት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ያስተላልፋል። ቃል ቢያጥረውም ኳሱ ስለማይጠብቀው በአገኘው ቃል ይሄዳል። ቋንቋ ደግሞ ያ ነው፤ ባለው ቃል መድረስ።

አምስተኛው የእኔ ክፍል የሚወደው ነው፤ ስሙ «አንቀጽ 17» ይባላል። አንዱ ልጅ ፊሽካ ይዞ ዳኛ ይሆናል። «ዩ መስት ጃምፕ!» ካለ መዝለል ግዴታ ነው፤ ያልዘለለ ይወጣል። «ዩ ካን ጃምፕ!» ካለ ግን የዘለለም ያልዘለለም ትክክል ነው፤ ማንም አይወጣም። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሩት! መጀመሪያ ላይ «ካን» ሲባል ሁሉም ይዘላል። ትእዛዝ የለመደ ሕዝብ ልጅ ነውና «ትችላለህ» ሲሉት «አለብህ» ያሉት ይመስለዋል! ቆይቶ ቆይቶ አንዱ ደፋር ሳይዘል ይቀራል። ሌላው «ወጣ! ወጣ!» ይለዋል። ክርክሩ ይጀመራል። «ይቻላል»ና «ግዴታ» የተለያዩ መሆናቸውን ልጁ የሚያውቀው ያን ጊዜ በጉልበቱ ነው።

አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ነበረችኝ። ግማሽ ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ሲጠሯት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። አንድ ቀን የዳኝነቱ ተራ ደረሳትና ፊሽካውን ሰጠኋት። በቀጭን ድምፅ «ዩ ካን ጃምፕ» አለች። አንድ ጉልቤ ልጅ ያልዘለለውን ጓደኛውን ገፍቶ ከመስመር ሊያስወጣው ሲል ልጅቷ ፊሽካዋን ነፍታ እየተንቀጠቀጠች መሐል ገባች። «ኖ! አይ ሴድ ካን! ኖት መስት!» አለች። ክፍሉ ፀጥ አለ። የመጀመሪያዋ የእንግሊዝኛ ንግግሯ ናት፤ በንዴት የወጣች፣ ማንም ያላስጠናት፣ አንድ ፊደል ያልተሳሳተች!

ጎበዝ! ምኒልክ በ1883 ለኡምቤርቶ የጻፉት ፍሬ ነገሩ ሌላ ነው እንዴ? «ይቻላል አልኩ እንጂ ግዴታ አላልኩም!» ነው። ለዚያ ቃል ዓድዋ ድረስ ተሄደ። ይህች ልጅ ደግሞ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በካልሲ ኳስ ሜዳ፣ በሰው ቋንቋ አለችው። ነገ ማንም ወረቀት አምጥቶ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ቢላት የምታነብ ሴት ትሆናለች። እኔ የምፈልገው ትምህርት ይህንን ነው።

ተቃውሞም አለ፤ እመልሳለሁ። በመጀመሪያ የጩኸቱ ነገር። አንድ ጊዜ ለግምገማ የመጣ ተቆጣጣሪ (ከየት እንደመጣ አልናገርም) ልጆቹ ሲሯሯጡ አገኘና ፎርሙ ላይ «የክፍል ሥርዓት፦ ዝቅተኛ» ብሎ ጽፎልኝ ሄደ። ቀጥሎ ያየው ክፍል መምህሩ ሰሌዳ ሲሞላ፣ ልጆቹ ሲገለብጡ፣ ዝንብ ስትበር የምትሰማበት ነበር፤ «በጣም ጥሩ» ተባለ። የቋንቋ ክፍል ዝም ካለ ምን ተማረ? ፀጥታ ለመቃብር ነው! ፎርሙ ላይ «ስንት ልጅ ተናገረ?» የሚል ሣጥን ቢኖር ኖሮ ውጤቱ በተገለበጠ ነበር።

ሁለተኛ፣ «ልጄን ለጨዋታ አልላክሁም» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ ደብተርና እስክሪብቶ በስንት መከራ ነው የተገዛው። አብሽሩ! ጨዋታው ከ40 ደቂቃው ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ከዚያ ቁጭ ብለው የተጫወቱበትን ቃል ይጽፋሉ፣ ያነባሉ። ሳይጻፍ የቀረ ጨዋታ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጨዋታ መጽሐፍን አይተካም፤ መጽሐፉን ለመክፈት ምክንያት ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ «ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ልጁ 70 ነው» ይባላል። ልክ ነው። መልሱ ግቢው ነው፤ ዋርካው ሥር ነው። 70ውን በ7 ቡድን ከፍሉት፣ ለየቡድኑ ዳኛ አድርጉ። ዳኛውን ግን በየቀኑ ቀይሩ። ጎበዙን ብቻ ዳኛ ካደረጋችሁ ሌላ ሹመት ፈጠራችሁ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በበቂ አለን!

አራተኛ፣ ሴት ልጆችና አካል ጉዳተኞች እንዳይቀሩ። «ሴት ልጅ በሰው ፊት ትሮጣለች ወይ?» የምትሉ፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ ሁላችንም ጨፍረናል። እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ደግሞ ፊሽካው የእሱ ይሁን፣ የሬዲዮ አስተላላፊው እሱ ይሁን።

አምስተኛ፣ የተሸናፊው ጉዳይ። ተሸናፊውን የሚያዋርድ ጨዋታ ከአለንጋ አይሻልም። «በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም» የሚባለው እኮ በጨዋታ ላይ ስህተት ስለሚፈቀድ ነው፤ ጌታውም በዱላ ቢነካ ስቆ ያልፋል። ልጅ እንግሊዝኛ የሚፈራው ስህተት በሳቅ ስለሚያስቀጣው ነው። ስለዚህ የወጣ ልጅ ቃሉን አርሞ ከተናገረ ተመልሶ ይግባ። በእኔ ክፍል ለዘለቄታው የሚወጣ የለም።

በጥር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያመጣልንን ቡድን አስታውሱ። በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ነው ዋንጫውን ያነሣው። አንዱ ከአሥመራ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ አፍ የፈቱበት ቋንቋ አንድ ያልሆነ ልጆች ነበሩ። በሜዳው ግን ተግባቡ። ሰው አብሮ የሚሠራው ነገር ካለው ቋንቋው ይመጣል፤ የሚሠራው ነገር ከሌለው 12 ዓመት ቢማርም አይመጣም።

አሁን የማልሸፍነውን ልናገር። የተራበ ልጅ አይሮጥም። ቁርሱን ሳይቀምስ ከገጠር በእግሩ የመጣን ልጅ «ዝለል» ብለው ጨዋታ ሳይሆን ግፍ ነው። ጦርነቱ በ2014 መጀመሪያ በዚህ መንገድ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ምን እንደሆንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ሳይደርስ ስንት ወር ቆየን? ይህን ሁሉ ጨዋታ አይፈታውም። የካልሲ ኳስ ይዤ «ችግሩ ተፈታ» ብላችሁ ዋሽቷችኋል በሉኝ። የጥይት ድምፅ የለመደ ልጅ ግን ፊሽካ ሰምቶ የሚሮጠው ወደ ጨዋታ መሆኑን ማወቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ነው።

ለባልደረቦቼ፦ ነገ ጠዋት አንድ ጨዋታ ብቻ ጀምሩ። ፈቃድ አትጠብቁ፤ ለመሮጥ መመሪያ አይወጣም። ከ15 ቀን በኋላ ተገናኝተን የትኛው ጨዋታ ስንት ዝም ያለ ልጅ እንዳናገረ እንነጋገር።

ለእናቶችና ለአባቶች፦ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ብቻ አትበሉት። «ዛሬ በእንግሊዝኛ ምን አልክ?» በሉት። እንግሊዝኛ ባታውቁም ግድ የለም፤ ልጁ ይንገራችሁ፣ እናንተ ተሳስታችሁ አስቁት። እሱ መምህር ሲሆን ያኔ ይማራል።

ለሹማምንት፦ ከእናንተ ገንዘብ አልጠየቅንም፤ ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም! የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የምትገመግሙበትን ፎርም ለውጡ፤ የክፍሉን ዝምታ ሳይሆን የልጁን ንግግር ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱን ሜዳ አትንኩብን። ግቢው ውስጥ ክፍት መሬት ባያችሁ ቁጥር ሱቅ የሚታያችሁ፣ እባካችሁ ልጅ ይታያችሁ።

ቦታው ይስማ ንጉሥ ይባላል ብያችኋለሁ። እኛ እዚህ ማዶ ሆነን ተናግረናል። ይሰማን!